በሶብላው እስካለ ድረስ

ትሮምሶ፣ ኖርዌይ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ የአጎት ልጅ፣ ለእኔም ታላቅ እህት ለሆኑት ለእትዬ ሥራነሽ፤
ደብረ ማርቆስ

ጤናዎ እንዴት ነው? ሐዘኑስ እንዴት ያደርግዎታል? መድኃኔዓለም እርስዎንም እኔንም ያጽናን። አካሌ በረዶ አገር ቢሆንም ልቤ እማዬ መቃብር ላይ እንደተደፋ ነው። ለቀብሯ ያልደረስኩት ወድጄ እንዳልሆነ ለዘመድ ሁሉ ይንገሩልኝ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ ከለከለኝ። እሷ አፈር ስትለብስ እኔ የሰው እናት ገላ ሳጥብ ነበር።

በስልክ ድምፅዎን ስሰማ ለቅሶ ይቀድመኛል፤ ኢንተርኔቱም እዚያ ተዘግቷል ይላሉ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ እንጠያየቅ።

የምጽፍልዎ ስለ ቤቱ ነው። እማዬን ያን ሁሉ ዓመት አስታመው፣ እኔ ልጇ ያላደረግሁላትን አድርገዋል። ከዚያ ቤት ማንም አያስወጣዎትም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እማዬ በግንቦት፣ ሕመሙ ሳይጥላት፣ ጓሮ ውስጥ በእጇ የተከለችው በሶብላ እንዳለ ነግረውኝ ነበር፤ ሰባት እግር። የእጇ ሥራ ሆኖ በዚህ ምድር ላይ በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ነው። በሶብላው እስካለ ድረስ ቤቱ የእርስዎ ነው። እንዲደርቅ ግን አይፍቀዱ። ለፋሲካ መጥቼ በእጄ እዳብሰዋለሁ። እስከዚያ የአጎቴ ልጅ አንለይ እየመጣ ያይልኛል።

ሌላም ልጠይቅዎ። በመጨረሻዋ ሰዓት ስሜን ጠርታ ነበር? አይደብቁኝ።

ጉልበትዎን ስማ የምትሰናበትዎ ታናሽዎ፣
ፍቅርአዲስ


ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለፍቅርዬ፣

እንዴት ነሽ ልጄ? ያ በረዶሽስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ በእመቤታችን ቸርነት አለሁ፤ እናትሽ በጎደለችበት ቤት የሚኖር ሰው እንደሚሆነው ሆኜ። ደብዳቤሽን ለጎረቤታችን ለብዙዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። “ማንም አያስወጣዎትም” የሚለው ላይ ስደርስ ሁለታችንም አለቀስን። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ደጅ ከመጥናት አወጣሽኝ። እግዚአብሔር ያሳድግሽ እንዳልል አድገሻል፤ ያክብርሽ።

በሶብላው ደህና ነው። ሰባቱም እግር ጉልበቴ ድረስ ሆኗል፤ አብቧል፤ ከመንገድ ሲገቡ ይሸታል። ብዙዬ ለሽሮዋ ትንሽ ብትለምነኝ “የሰው አደራ ነው” ብዬ ከለከልኳት፤ ይኸው ተኮራርፈናል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በልጅነትሽ ስለወጣሽ ረስተሽው ይሆናል። በሶብላ እንደ ባሕር ዛፍ ቆሞ የሚኖር ነገር አይደለም። ግንቦት ይዘራል፣ መስከረም ያብባል፣ ኅዳር ላይ ውርጭ ሳይመታው ይቆረጣል። ግማሹ ለበርበሬና ለሽሮ ይደርቃል፣ ግማሹ ለዘር ይቀመጣል። እናትሽ “ያው የዱሮው በሶብላዬ” ስትል በየዓመቱ ከገዛ ዘሩ የምትዘራውን ማለቷ ነበር። የአምናውንም ዘር ከነራሱ በነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ማድቤቱ ጣሪያ ሥር ሰቅላዋለች፤ አልነካሁትም። እና ይኼ ቢያልፍ አትዘኚ፤ በግንቦት ያንን እዘራልሻለሁ። ሽታው ያው የእሷ ነው።

ስለ መጨረሻዋ ሰዓት ስትመጪ ቁጭ ብለን እናወራለን። ይኼ በወረቀት የሚሆን አይደለም።

ደጅ ደጁን የምታይልሽ፣
ሥራነሽ


ትሮምሶ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሥራነሽ፣

አምላከ ቅዱሳን ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ደስ ግን አላለኝም። እኔ ስለ እናቴ እጅ ስጽፍ እርስዎ ስለ ሽሮ ይጽፉልኛል። ዘር እናቴ አይደለም። ዘር ማንም ከገበያ ይገዛዋል። እኔ የምፈልገው እሷ ጎንበስ ብላ አፈር ያለበሰቻቸውን እነዚያኑ ሰባቱን ነው።

እዚህ በቅርቡ ፀሐይ ትጠፋለች፤ እስከ ጥር ድረስ አትወጣም። እንዲህም ሆኖ በማድቤቴ መስኮት ላይ በሶብላ አለኝ። የፈረንጅ ዓይነት ነው፣ ቅጠሉ ሰፊ። መብራት አበራለታለሁ፣ ለብ ያለ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ እንደለመለመ ነው። ሲጠወልግብኝ ከታች ካለው ሱቅ ሌላ እተካለሁ እንጂ መስኮቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ታዲያ ፀሐይ በነጻ በሚታደልበት አገር ያለ ሰው “አይሆንም” ሲለኝ ምን ልበል? ሰነፉ እንዳልልዎ ታላቄ ነዎት።

አንብቤ ደርሼበታለሁ። በሶብላ የሚሞተው ዘር ሲያፈራ ነው። አበባውን ከቀጠፉት አያፈራም፣ ካላፈራ ይኖራል። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ አበባውን በሙሉ ቀጥፈው ይጣሉት። አንድም እንዳይቀር። ያንን ቋጠሮ ደግሞ ይርሱት፤ ምንም አያደርግልኝም።

ቃሌን እስከ መጨረሻው ያስታውሱት። በሶብላው እስካለ ድረስ ነው ያልኩት።

ስሜን ጠርታ እንደሆነ ጠይቄዎ ነበር፤ አልመለሱልኝም።

ፍቅርአዲስ


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅርዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ደብዳቤሽ መንገድ ተዘግቶ አምበር ከተማ ላይ ሰንብቶ ነው የደረሰኝ። እንዳልሽው አበባውን ቀጠፍኩት። ብዙዬ ኩርፊያዋን ረስታ “ኧረ አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ዘሩን ሳይሰጥ ማን በሶብላ ይቀጥፋል?” ብላ ባጥሩ ላይ ጮኸችብኝ። እኔም ምን ልበላት፤ ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ አልኳት። በሶብላው እልኸኛ ነው፤ በየጠዋቱ ሌላ አበባ ያወጣል፣ እኔም በየጠዋቱ እቀጥፋለሁ። ከእንግዲህ ዘር አይኖረውም። ኋላ እንዳትወቅሺኝ አስቀድሜ ነግሬሻለሁ።

ውርጩ ባለፈው ሰኞ ወረደ። ጓሮው ነጭ ለብሶ አደረ። ሁለቱ እግር ተቃጥለው ጥቁር ሆኑ። አምስቱን ያተረፍኳቸው የራሴን ብርድ ልብስ አልብሼ ነው፤ ከዚያ ወዲህም እሱ የእነሱ ሆኗል። እኔ ነጠላ ላይ የእናትሽን አሮጌ ሹራብ ደርቤ አድራለሁ። ደረቴን ይዞኛል፣ ሳሉ አላስተኛኝ ብሏል። የእኔን ክፍል ታውቂያታለሽ፤ ከማድቤቱ ጎን ናት፣ ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል። የእናትሽ መኝታ ቤት ግን መስታወት አለው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ፈቃድሽ ከሆነ በሶብላውን በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን አዛውሬ እዚያ ላስገባው። እኔም እስኪሻለኝ ጥጉ ላይ ፍራሽ ልጣል።

የሞቱትን ሁለቱን ከየትኛው ሱቅ ልተካ? የእናትሽ እጅ የሚሸጥበትን ካወቅሽ አድራሻውን ላኪልኝ። ስቀልድ ነው፣ አትቆጪ።

የአንቺው፣
ሥራነሽ


ትሮምሶ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራነሽ፣

ጤና ይስጥሽ። በአደራ ከሰጠሁሽ ሰባት ሁለቱን ገድለሽ፣ በሐዘኔ ላይ ቀልድ ጽፈሽ ልከሽልኛል። እስከ ዛሬ በአክብሮት ነበር የጻፍኩልሽ። አክብሮት ለሚገባው ነው።

በሶብላውን እማዬ ክፍል አስገቢው። አንቺ ግን እዚያ እንዳትተኚ። አልጋዋ እንዳለ ነው፣ ሽታዋም ከትራሷ ገና አልወጣም፤ የሌላ ሰው ሽታ እንዲገባበት አልፈልግም። ውሃ አጠጥተሽ ትወጫለሽ፣ በሩንም ትዘጊያለሽ። ስለ ሳልሽ አዝኛለሁ። እያሳለሽ ግን እላዩ ላይ አትጎንበሺ። የሰው በሽታ ወደ ተክል ይተላለፍ እንደሆነ አላውቅም፤ ለማንኛውም አፍሽን ሸፍኚ።

አንለይ መጥቶ ይቆጥራል። አምስት ነው ያልሽኝ፤ አራት ቢያገኝ ምን እንደሚከተል ልነግርሽ አይገባም። አበባውን መቀንጠስ እንዳታቆሚ።

እማዬ ስሜን ጠርታ ነበር ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ይህን ያህል ከባድ ነው?

ፍቅርአዲስ


ደብረ ማርቆስ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ፣

እንዴት ሰንብተዋል? በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ “አንቺ” ብትለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ከእንግዲህ እኔ እርስዎ እላለሁ። በአከራይና በጥገኛ መካከል ይኼ ይሻላል።

አምስቱም አሉ። ጄሪካኖቹን ጠዋት ወደ መስኮቱ፣ ከሰዓት ወደ አልጋው እግር አዞራለሁ፤ ፀሐዩ ወደሄደበት። ለጥምቀት እንኳ ታቦት አልሸኘሁም፤ ውርጩ ሳይመለስ ብርድ ልብሱን ማልበስ ነበረብኝ። በማርቆስ በጥር ወር የለመለመ በሶብላ ያየ ሰው የለም፤ ጎረቤት እንደ ሙሽራ በመስኮት እያየው ይሄዳል። እኔ ግን በየቀኑ ስለማየው አውቀዋለሁ። ግንዱ እንጨት ሆኗል፣ ቅጠሉ አንሷል። ጊዜው አልፎበታል፤ አላስኬድ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሳሉ ሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ወጉኝ። ብዙዬ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወስዳ መለሰችኝ። አንለይ የመጣው የተኛሁ ዕለት ነው። በእናትዎ ክፍል ገብቶ ቆጠረ። የእኔን በር ግን አላንኳኳም፤ ምናልባት እኔንም እንዲቆጥር አልታዘዘም ይሆናል።

አንድ ልመና አለኝ። ከአምስቱ አንዱን ብቻ አበባውን ልተውለት። ያፍራና ይሙት፤ ዘሩ ይተርፋል። የእናትዎን ለእናትዎ ብዬ ነው።

ሥራነሽ


ትሮምሶ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሥራነሽ፣

እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልሽ። መታመምሽን ሰምቼ ሻማ አብርቻለሁ። አንዱም እግር አያፈራም፤ አምስቱንም ሕያው ነው የምፈልጋቸው።

አሁን የምነግርሽን በእርጋታ አንብቢው። ለፋሲካ አልመጣም። አንለይ ለቤቱ ገዢ አግኝቷል፤ ሰውዬው አፍርሶ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ነው። እኔም እማዬ የሌለችበትን ቤቷን ለማየት አንጀቴ እንደማይችል አውቄዋለሁ። ከፋሲካ በፊት ልቀቂ። ቃል ገብተሽልኝ ነበር ትይ ይሆናል። ያ የሐዘን ቃል ነበር። ሰው በሐዘኑ ብዙ ይላል፤ አንቺም ትልቅ ሰው ነሽና ይህን ታውቂዋለሽ።

ዕቃ እንዳይጠፋ አንለይ የእማዬን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ይይዛል። አትቀየሚ፤ አንቺን ጠርጥሬ አይደለም፤ ለሁላችንም ንጽሕና ነው።

ስሜን ጠርታ እንደሆነ አሁንም አልነገርሽኝም።

ፍቅርአዲስ


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ፣

አንለይ ክፍሉን ቆለፈ። በሶብላው ውስጥ ነው። “ውሃ ላጠጣና ልውጣ” ብለው “እሷን እንዳታስገባ ተብያለሁ” ብሎኝ ሄደ። ደውዬ ብለምነውም “ከባለቤቱ ፈቃድ አምጪ” አለኝ።

ውጭ ቆሜ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ሁለቱ ቅጠላቸው ተንጠልጥሏል፣ አንዱ ጎንበስ ብሏል። አበባ አውጥተዋል፤ የሚቀጥፋቸው የለም፣ የሚያጠጣቸውም የለም። መስታወቱን በድንጋይ ልሰብረው አስቤ ነበር፤ እስካሁን ያልተሰጠኝ ስም ሌባ ብቻ ነውና ተውኩት።

ስለ ቤቱ አልለምንዎትም። ለእናትዎ ሲሉ ይደውሉለትና ይክፈት። ደብዳቤ ይዘገያል ብዬ ለራስዎ ብደውል አላነሡልኝም።

ሥራነሽ


ትሮምሶ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራነሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። አንለይ ከገዢው ጋር ክፍሉን ሲከፍት አምስቱም ደርቀው አግኝቷቸዋል። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ማንንም አልወቅስም፤ አንቺንም ቢሆን። ከዚህ በኋላ ግን የቃል ነገር አታንሺብኝ። በሶብላው እስካለ ድረስ ብዬ ነበር፤ አሁን የለም። ኅሊናዬ ንጹሕ ነው።

ማድቤት ጣሪያ ሥር አለ ያልሽኝ የዘር ቋጠሮ ትዝ ብሎኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ለአንለይ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አስረክቢው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ያደርስልኛል። መስኮቴ ላይ እዘራዋለሁ። የእማዬ የሆነ አንድ ነገር እጄ ላይ ሲበቅል ማየት እፈልጋለሁ፤ ያለዚያ የምኖር አይመስለኝም። ይህን አትንፈጊኝ፤ አንቺም እናት ነበረችሽ ብዬ ነው የምለምንሽ።

ደግሞም ንገሪኝ። ስሜን ጠርታ ነበር?

ፍቅርአዲስ


አምበር
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍቅርአዲስ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜም ይስጥሽ፤ ረጅም። ከቤትሽ ስለወጣሁ አንቺ እልሻለሁ። ያለሁት አምበር፣ ወንድሜ ወልደ ሰንበት ዘንድ ነው። ከልጆቹ ጋር እተኛለሁ። ደረቴ አልዳነም።

አንለይና ገዢው የመጡት ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ “ቁጭ በሉ፣ ባዶ ሆዳችሁን ከዚህ ቤት አትወጡም” አልኳቸው። ጊዜው ጾም ነበር፤ ያለኝም ሽሮ ብቻ። ማድቤት ገብቼ ቋጠሮውን ከጣሪያው ሥር አወረድኩት። ዘሩ ከነራሱ፣ እናትሽ እንደቋጠረችው ነበር። ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩት፤ አንድ ፍሬ እንዳይተርፍ ደጋግሜ። ከሽሮው ዱቄት ጋር ደባልቄ ወጥ ሠራሁላቸው። ቤቱ እናትሽ ማድቤት ያለች ያህል ሸተተ። አንለይ “ይኼስ የእትዬ የኔአለም እጅ ነው!” ብሎ የእናትሽን ስም አንሥቶ አስጨመረ። ገዢውም ጣቱን ላሰ። ሲነሡ ቁልፉን ሰጠሁት። “ቋጠሮውስ?” አለኝ። “በልታችሁታል” አልኩት። ቀልድ መስሎት እየሳቀ ወጣ። ለብዙዬ ያን ጊዜ ትንሽ ሰጥቻት ቢሆን ዘሩ ዛሬ ጓሮዋ ውስጥ በተገኘ ነበር። ላንቺ ታምኜ ከለከልኳት።

ስሜን ጠርታ ነበር ወይ ብለሽ ነበር። ጠርታሻለች። በመጨረሻ ዓይኗ አላይ ሲላት እኔን አንቺ አድርጋ ትጠራኝ ጀመር። “ፍቅርአዲስ፣ መጣሽልኝ?” ትላለች፤ “መጣሁ እማዬ” እላታለሁ። ልጅሽ አልመጣችም ለማለት አንጀቴ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን እጄን ጨብጣ “ሥራነሽን ከዚህ ቤት እንዳታስወጫት፤ ማይልኝ” አለችኝ። ማልኩላት፤ በአንቺ ስም። ይህን በጥቅምት ብጽፍልሽ ለቤቱ ብላ ፈጠረችው ትይ ነበር። አሁን ቤት ስለሌለ ታምኚኛለሽ። እናትሽ የሞተችው አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ እንደማልሽላት አምና ነው። መሐላው የአንቺ ነው፤ ያፈረስሽውም አንቺ ነሽ። ለቀብር የመጣ ዘመድ ሁሉ አልመጣችም ብሎ ሲያማሽ እኔ ብቻ ነበርኩ መጥታለች የምል። አሁን እኔም አልልም።

ከዚያ ዱቄት ትንሽ ተርፎኝ ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የእናትሽ በሶብላ ከነዘሩ ውስጡ ነው፤ ከእሱ ሌላ በምድር ላይ የለም። አይዘራም። በውሃ አንተክትከሽ ብዪው፤ ጨው አልጨመርኩበትም።

እዚህ ዝናቡ ጀምሯል። ሰው ሁሉ ጓሮውን እየቆፈረ ነው።

ሲያልቅብሽ ከታች ካለው ሱቅ ሌላ ተኪ።

ሥራነሽ